ነዳጅ ስለቅ ጅራቱ የሚወጣው ፖርሼ

ግራን ቱሪስሞ 7 በተባለው የመኪና ውድድር የቪዲዮ ጨዋታ ላይ የ1992ቱ ፖርሼ 911 ካሬራ አርኤስ ሦስት ቀን በላኝ። ኩርባ ልገባ ስል የነዳጅ ፔዳሉን እለቃለሁ፣ ኋላው ይወጣና መኪናው ይዞራል። ፁኩባ የተባለው የውድድር ሜዳ ላይ አንድ ዙር እንኳ በሰላም መጨረስ አቃተኝ።

መጀመሪያ ትራክሽን ኮንትሮሉን (ጎማ በከንቱ እንዳይሽከረከር የሚቆጣጠረውን) ከፍ አደረግኩ። ምንም ለውጥ የለም። እሱ የሚሠራው ነዳጅ ስትረግጡ ነው፣ የኔ ችግር ደግሞ ስለቀው ነው። የኋላ ስፕሪንጉን አለሰለስኩ፣ የኋላ ክንፉን ጫና ጨመርኩ። ፈጣኑ ኩርባ ትንሽ ተሻለ፣ ዝግተኛው ላይ ግን ያው ነው፤ ክንፍ ያለ ፍጥነት ጫና አይፈጥርማ።

የዚህ መኪና ሞተር ከኋላ ጎማዎቹም ያለፈ ነው፣ ክብደቱ ወደዚያው ያጋድላል። ስለዚህ ከጨዋታው የመኪና ማሻሻያ ሱቅ (ቱኒንግ ሾፕ) ባላስት፣ ማለትም ተጨማሪ ክብደት ገዛሁ፣ 50 ኪሎ ጫንኩና ቦታውን ሙሉ በሙሉ ወደ ፊት ገፋሁት። ወዲያው ተረጋጋ! ቀሪውን የጨረሰው ኤልኤስዲው፣ ማለትም የሁለቱን ጎማዎች የፍጥነት ልዩነት የሚገድበው ዲፈረንሻል ነው፤ የብሬኪንግ ሴንሲቲቪቲውን (ነዳጅ ሲለቀቅ ጎማዎቹን የሚያያይዝበትን ጥንካሬ) ከፍ ሳደርገው፣ ነዳጅ ስለቅም ሁለቱ የኋላ ጎማዎች ተያይዘው ስለሚዞሩ ጅራቱ አይወጣም። ግን አታብዙት፣ መኪናው አልታጠፍም ይላል። እኔ አምስት አምስት እየጨመርኩ፣ በየመሃሉ ሦስት ዙር እየነዳሁ ነው ልኩን ያገኘሁት። ባላስቱ ፒፒውን (ጨዋታው ለመኪናው አቅም የሚሰጠውን ነጥብ) ስለቀነሰው የተረፈውን ለሞተር ኃይል አዋልኩት።