ነባሩን ራኒንግ ባክ አሳልፎ ሰጥቶ ለወጣቶች ቦታ የሚከፈተው እንዴት ነው?

በአሜሪካ ፉትቦል ራኒንግ ባክ የሚባለው ኳሱን በብብቱ ሸጉጦ በግዙፍ ተከላካዮች መካከል እየሰነጠቀ የሚሮጠው ተጫዋች ነው። ዋናው ሯጭ በአንድ ጨዋታ ሃያ ጊዜ ያህል ኳስ ይዞ ይሮጣል፤ ያንኑ ያህል ጊዜም ተመትቶ ይወድቃል። ስለዚህ የሜዳ ዕድሜው አጭር ነው፤ አብዛኞቹ ሠላሳ ዓመት ሲደፍኑ ጉልበታቸው ይከዳቸዋል። ቡድኑ ታዲያ አንድ ቀን ጨክኖ መወሰን አለበት። ውሳኔው በሚገባ ሲሠራ የወደቀ ቡድን ያስነሣል፤ በችኮላ ሲሠራ ግን ጥሩ ቡድን ያፈርሳል። ራሳችሁን በሥራ አስኪያጁ ወንበር ላይ አስቀምጡና ደረጃዎቹን እንከተል፤ ቀኖቹና ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ግን አንድ ልዩነት ልብ በሉ። በአውሮፓ እግር ኳስ እንደለመድነው ተጫዋች በገንዘብ አይሸጥም። የሚለወጠው በሌላ ተጫዋች ወይም በድራፍት ተራ ነው። ድራፍት በየዓመቱ ቡድኖች ከዩኒቨርሲቲ የሚመጡ ወጣቶችን በየተራ የሚመርጡበት ሥርዓት ሲሆን፣ ባለፈው ዓመት ደካማ የነበረው ቀድሞ ይመርጣል፤ ተራው ለሁሉም ሲዳረስ አንድ ዙር ይባላል። ነባር ሰጥቶ የድራፍት ተራ መቀበል ማለት ገና ስሙ ያልታወቀ ወጣት መቀበል ማለት ነው።

1. ተተኪውን አስቀድማችሁ ፈትኑ

ብዙዎች የሚዘሉት ደረጃ ይህ ነው፤ እኔ ግን ከሁሉም በላይ እዚህ ላይ እንድትቆዩ እፈልጋለሁ። ቺካጎ ቤርስ በ2005 ድራፍት ሴድሪክ ቤንሰንን በአራተኛ ተራ መረጠ። ይህን ያህል ውድ ተራ የወጣበት ልጅ ተቀያሪ ሆኖ ሲቀመጥ አመራሩን ሰላም ይነሣል። ነባሩ ቶማስ ጆንስ ግን በ2006 ውድድር ዘመን 1,210 ያርድ (አንድ ያርድ ከሜትር ጥቂት ያንሳል) ሮጦ ቡድኑን ለሊጉ ፍጻሜ፣ ለሱፐር ቦውል አበቃ፤ በየካቲት 2007 በተደረገው ፍጻሜም ቡድኑ ቢሸነፍም እርሱ 112 ያርድ ሮጧል። በቀጣዩ ወር ቤርስ ጆንስን ከ63ኛ ተራቸው ጋር ለኒውዮርክ ጄትስ ሰጥተው 37ኛውን ተራ ተቀበሉ። ቦታው ለቤንሰን ተለቀቀ።

ቤንሰን በዚያ ዓመት 674 ያርድ ብቻ ሮጦ ተጎዳ፤ በ2008 ተሰናበተ። ያረጀ የተባለው ጆንስ ደግሞ በጄትስ ማልያ በ2008 1,312፣ በ2009 ደግሞ 1,402 ያርድ ሮጠ። ቤርስ እውነተኛውን ተተኪ ማት ፎርቴን ያገኙት በ2008 ድራፍት በሁለተኛው ዙር ነው። ወጣቱ የተመረጠበት ተራ ከፍ ማለቱ ዝግጁነቱን አያሳይም። ስለዚህ ነባሩ ሳይሄድ በፊት ወጣቱን ከባድ ጨዋታ ላይ አሰልፉት፤ ኳስ የሚወረውረውን ኳርተርባክ ሊጥሉት ከሚመጡ ተከላካዮች መከለል ይችል እንደሆነ፣ ኳስ ከእጁ ያመልጠው እንደሆነ እዩ።

2. ነባሩ ገና ብርቱ ሳለ ተነሡ

ዋጋ የሚያወጣው ትናንት የሮጠ ሳይሆን ነገ ይሮጣል ተብሎ የሚታመን ነው። ዳላስ ካውቦይስ ኸርሼል ዎከርን በጥቅምት 12 ቀን 1989 ሲለውጡት 27 ዓመቱ ነበር፤ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት 1,514 ያርድ ሮጧል። ቡድኑ በ1989 እስከዚያ ቀን የተጫወታቸውን አምስቱንም ጨዋታዎች ተሸንፎ ነበርና አዲሱ አሰልጣኝ ጂሚ ጆንሰን ሰው የሚመኝለት ሀብት አንድ ብቻ እንዳለው አወቀ። እርሱም ዎከር ነበር።

3. “አንድ ሰው ብቻ ጎደለኝ” የሚል ቡድን ፈልጉ

ሚኒሶታ ቫይኪንግስ እንዲህ ያለ ቡድን ነበር። ሥራ አስኪያጁ ማይክ ሊን ዎከር ከመጣ ሱፐር ቦውል እንደሚገቡ ያምን ነበር። ክሊቭላንድ ብራውንስም ይፈልጉት ስለነበር ጆንሰን ፉክክሩን ለዋጋ መጨመሪያ ተጠቀመበት።

4. ስምምነቱን በጥንቃቄ ጻፉ

የጆንሰን ብልሃት እዚህ ላይ ነው። ቫይኪንግስ ለዳላስ አምስት ተጫዋቾች ሰጡ፤ በእያንዳንዱ ተጫዋች ላይም ቅድመ ሁኔታ ተያይዞ ነበር። ዳላስ ተጫዋቹን እስከ የካቲት 1 ቀን 1990 ካሰናበተው፣ በምትኩ የድራፍት ተራ ያገኛል። ጆንሰን ተጫዋቾቹን ያስቀራቸዋል ብሎ ሊን አሰበ። ጆንሰን ግን ከመነሻው የፈለገው ተራዎቹን ነበር፤ ቀኑ ሲቃረብ ሊያሰናብታቸው መዘጋጀቱን አሳውቆ እንደገና ተደራደረና ከተጫዋቾቹም ጥቂቱን አስቀረ። በጠቅላላ ሦስት የመጀመሪያ ዙርና ሦስት የሁለተኛ ዙር ተራዎች፣ ሌሎች ዝቅተኛ ተራዎችም ተጨምረው እጁ ገቡ።

ዛሬ ይህን የሚከፍል የለም። በ2022 ሳን ፍራንሲስኮ ለራኒንግ ባኩ ክርስቲያን ማካፍሪ የሁለተኛ፣ የሦስተኛ፣ የአራተኛና የአምስተኛ ዙር ተራ ከፍሏል፤ ለራኒንግ ባክ ይህም ብዙ ነው።

5. ሒሳቡን ሥሩ

ከ1994 ጀምሮ በሊጉ የደመወዝ ጣሪያ አለ፤ ቡድን በዓመት ለተጫዋቾቹ የሚቆጠርበት ወጪ ከተወሰነ መጠን ማለፍ የለበትም። ተጫዋቹ ሲፈርም በአንድ ጊዜ የተቀበለው የፊርማ ክፍያ በመዝገብ ላይ እስከ አምስት ዓመት ተከፋፍሎ ይቆጠራል። እርሱ ሲሄድ ያልተቆጠረው ቀሪ በአንድ ጊዜ በቀድሞው ቡድን ላይ ይወድቃል፤ “የሞተ ገንዘብ” ይሉታል። ልውውጡ ከሰኔ 1 በኋላ ከተፈጸመ የቀጣዮቹ ዓመታት ድርሻ ወደሚመጣው ዓመት ይሸጋገራል። የዘንድሮ ደመወዙን የሚከፍለው ግን ተቀባዩ ነው።

6. ለተጫዋቹ ራሳችሁ ንገሩት

ከቤተሰቡ ጋር ከተማ የሚለቅ ሰው ነውና ዜናውን ከሬዲዮ መስማት የለበትም። ክብር ከመሆኑም በላይ ለስምምነቱም ይጠቅማል፤ ዎከር ለመሄድ የተስማማው 1.25 ሚሊዮን ዶላር ተከፍሎት ነው። ከሚኒሶታ ወደ ዳላስ እንዲመጡ ከተባሉት አምስቱ አንዱ ዳሪን ኔልሰን ደግሞ አልመጣም ብሎ ወደ ሳን ዲዬጎ ሄደ። ሐኪሞች መርምረው ካላሳለፉትም ልውውጡ ይፈርሳል።

7. ታገሡ

ዳላስ ያንን ዓመት አንድ ጨዋታ ብቻ አሸንፎ፣ 15 ተሸንፎ ጨረሰ። ደጋፊው ቢቆጣ አይፈረድበትም። ቀጥሎ ግን ከሚኒሶታ በተገኘው ተራ ላይ ሌላ ተራ ጨምረው በ1990 ድራፍት ወደ 17ኛ ከፍ አሉና ኤሚት ስሚዝን መረጡ። እርሱ በሊጉ ታሪክ ከሁሉ የበለጠውን፣ 18,355 ያርድ ሮጧል። ከዚያው ልውውጥ በተገኙ ተራዎች ተከላካዮቹ ራስል ሜሪላንድና ዳረን ዉድሰን መጡ፤ ቡድኑም በ1992፣ በ1993 እና በ1995 ውድድር ዘመን ሱፐር ቦውል አሸነፈ።

ዎከር በ1996 ወደ ዳላስ ተመለሰ። 34 ዓመቱ ነበር፤ ብዙውን ጊዜ የሚሰለፈው የመክፈቻ ምት ሲመለስ ነበር። በቀድሞ ቦታው ላይ ኤሚት ስሚዝ ይሮጥ ነበር።