ሴፍቲው አልይዝ ያለ ጠመንጃ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና ምትክ ሲመረጥ መታየት ያለበት

ከመንዝ ደጋ እስከ ሸዋ ሮቢት ቆላ ድረስ በብዙ ቤት ያለው ጠመንጃ ከአባት ለልጅ የተላለፈ ስለሆነ፣ መሣሪያው ከያዘው ሰው በዕድሜ የሚበልጥበት ጊዜ ብዙ ነው። ሰደፉ ሲሰነጠቅ ለዓይን ይታያል፣ አፈሙዙ ሲዝግም እንዲሁ፤ ሴፍቲው፣ ማለትም መሣሪያው ሳይፈለግ እንዳይተኩስ የሚያግደው ክፍል፣ ሲያረጅ ግን ጥይት ባርቆ ጉዳት እስኪያደርስ ድረስ ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል። ጠመንጃ ታንግቶ ሰርግና ለቅሶ በሚኬድበት አገር፣ ልጆችም ከአጠገብ በማይጠፉበት ሁኔታ፣ ይህን ክፍል አስቀድሞ መፈተሽ የባለቤቱ ግዴታ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከሁሉ በፊት የሚደረግ ፍተሻ

ካዝናው ይነቀል፣ የማይነቀል ከሆነም ይራገፍ፤ ጥይቱ በሙሉ ወደ ሌላ ክፍል ይወሰድ። ከዚያ መሣሪያው ተከፍቶ ጥይት የሚጎርስበት ቤት በዓይን ብቻ ሳይሆን በትንሽ ጣትም ተዳስሶ ባዶ መሆኑ ይረጋገጥ። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት ለስላሳ መሬት አዙሮ ባዶውን ማቀባበልና ሴፍቲውን መዝጋት ይከተላል። አሁን ምላጩ ጠንከር ተደርጎ ይሳብና ይለቀቅ፤ መምቻው (ጥይቱን የሚመታው ክፍል፤ በክላሽ መዶሻው) መውደቅ የለበትም። ቀጥሎ ጣት ከምላጩ ርቆ ሴፍቲው ይከፈት፤ በዚህ ጊዜም ምንም ድምፅ መሰማት የለበትም። በመጨረሻ ምላጩ ሲሳብ ብቻ የመምቻው «ቀጭ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ብዙ ሰው ሴፍቲውን ዘግቶ ምላጩን ስቦ «ይዟል» ብሎ ይተወዋል፤ አደገኛው ብልሽት ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚገለጠው በሚቀጥለው እርምጃ፣ ማለትም ሴፍቲው በሚከፈትበት ቅጽበት ነው።

ምልክት፦ ሴፍቲው ሲከፈት ቤልጅጉ በራሱ ይመታል

ቤልጅግ የምንለው ጠመንጃ በቤልጂየም የተሠራ፣ እ.ኤ.አ. የ1898ቱን የማውዘር አሠራር የተከተለ መሣሪያ ነው። ሴፍቲው ከመቀርቀሪያው (የጥይቱን ቤት ከሚዘጋው ብረት) ጀርባ ያለች ትንሽ ክንፍ ስትሆን፣ ወደ ግራ ስትሆን ይተኩሳል፣ ወደ ቀኝ ስትሆን መምቻውም መቀርቀሪያውም ይታሰራሉ፣ ቀጥ ብላ ስትቆም ደግሞ መምቻው እንደታሰረ መቀርቀሪያው ይከፈታል። ጥይት ማውጣት ያለበትም በዚህች በመካከለኛዋ ቦታ ነው። ክንፏ ስትዘጋ የመምቻውን ጅራት ጥቂት ወደኋላ ስባ ከምላጩ መንጠቆ ላይ ታነሳዋለች፤ ስትከፈት ደግሞ መልሳ መንጠቆው ላይ ታስቀምጠዋለች። ስለዚህ ሴፍቲው ተዘግቶ ሳለ ምላጩ ተነክቶ መንጠቆው ወደ ታች ቢወርድና ወደ ቦታው ባይመለስ፣ ክንፏ ስትከፈት መምቻውን የሚቀበለው ነገር አይኖርም፤ ጥይቱም ማንም ሳይተኩሰው ይባርቃል።

መንጠቆው የማይመለስበት ምክንያት ብዙ ነው። በደጋው ብርድ የረጋ ወፍራም ግሪስ አንዱ ነው፤ በጣርማ በር ጉም እርጥበት ጠጥቶ የዛገ ሞላ ሌላው ነው። ብዙዎች የማይጠረጥሩት ሦስተኛ ምክንያት እንጨቱ ነው፦ በክረምት እርጥበት ያበጠ እንጨት የምላጩን ቀዳዳ አጥብቦ ምላጩን ይይዘዋል፤ በበጋ ሲደርቅ ችግሩ ስለሚጠፋ ባለቤቱ «ተሻለው» ብሎ ይዘናጋል። ከሁሉ የከፋው ግን ምላጩ እንዲቀል ተብሎ መንጠቆው በሞረድ የተበላበት ጠመንጃ ነው።

መፍትሄውም እንደ መንስኤው ይለያያል። ግሪሱ በነጭ ጋዝ ታጥቦ፣ በጨርቅ ደርቆ፣ በቦታው ቀጭን ዘይት በስሱ ይቀባል። የደከመ ወይም የዛገ ሞላ ይለወጣል እንጂ ተለጥጦ አይመለስም። እንጨቱ ከሆነ፣ ምላጩ የሚሻሽበት ጎን ምልክት ስለሚኖረው ያ ቦታ ብቻ በስሱ ይፋቃል። የተሞረደ መንጠቆ ግን መጠገኛ የለውም፤ መንጠቆውና የመምቻው ጅራት ተናበው የሚሠሩ ስለሆኑ ሁለቱም አብረው ተመርምረው በባለሙያ እጅ መተካት አለባቸው። እስከዚያ ድረስ ያ ጠመንጃ ጥይት ሊጎርስ አይገባም።

ምልክት፦ የቤልጅጉ ክንፍ አይዞርም

ጠመንጃው ካልተቀባበለ ክንፏ አትዞርም፤ ይህ የመሣሪያው ባሕርይ ስለሆነ ብልሽት አይደለም። ተቀባብሎም ካልዞረች መቀርቀሪያው ሙሉ በሙሉ ወደ ታች መውረዱ ይታይ። ወርዶም እንቢ ካለ፣ መቀርቀሪያው የሌላ ጠመንጃ ሊሆን ይችላልና በመቀርቀሪያውና በጠመንጃው አካል ላይ የተመቱት ቁጥሮች ይነጻጸሩ፤ ወይም ደግሞ ምላጩ በሌላ ዓይነት ተለውጦ የመምቻው ጅራት ከቀድሞው ወደፊት ቀርቶ ይሆናል። ክንፏን በፒንሳ አስገድዶ ማዞር ዘንጓን ከማጣመም በቀር የሚፈይደው የለም።

ምልክት፦ የክላሹ ማንሻ ላልቶ በራሱ ይወርዳል

የሶቪየት ሠራዊት እ.ኤ.አ. በ1949 የተቀበለው ክላሽና ከእርሱ የተወለዱት ሴፍቲያቸው በቀኝ ጎን ያለ ረጅም ማንሻ ነው። ላይ ሲሆን ዝግ ነው፤ በወታደራዊው ዓይነት መካከለኛው ተከታታይ፣ የታችኛው ነጠላ ተኩስ ነው። ይህ ቅደም ተከተል ሲታሰብ የማንሻው መላላት ቀላል ነገር እንዳልሆነ ይገባል፤ ከላይ የተንሸራተተ ማንሻ በመጀመሪያ የሚያርፈው ተከታታዩ ላይ ነውና። ማንሻውን በቦታው የሚይዘው የራሱ የብረቱ ውጥረትና በጎኑ ያለችው ትንሽ እብጠት ብቻ ናቸው። ውጥረቱ ከረገበ፣ ማንሻው ከጠመንጃው ወጥቶ ክንዱ በእንጨት ጠርዝ ላይ በጣም በጥቂቱ ወደ ውስጥ ይታጠፍና እንደገና ይሞከራል። እብጠቷ ተበልታ ካለቀች ግን መተካት እንጂ ብየዳ መፍትሄ አይሆንም፤ እሳቱ የብረቱን ውጥረት ጨርሶ ያጠፋዋል።

ምልክት፦ ማንሻው ላይ ሆኖ ምላጩ ይሳባል

ትንሽ መላወስ ያለ ነው። መዶሻው የሚወድቅ ከሆነ ግን፣ ከማንሻው ወደ ውስጥ ገብታ የምላጩን ጅራት የምትይዘው ምላስ ተበልታለች፣ ጠማለች፣ ወይም ከሌላ ዓይነት ክላሽ የመጣች ናት። ከድፍን ብረት የተፈለፈለው አካልና እ.ኤ.አ. ከ1959 ወዲህ የተስፋፋው የቆርቆሮው አካል ማንሻቸው አንድ አይደለም፤ አንዱ በሌላው ላይ ቢገጥም እንኳ መያዝ ባለበት ቦታ ላይይዝ ይችላል። ማንሻው ተዘግቶ ማቀባበያው ወደኋላ አልፎት የሚሄድ ከሆነም ክንዱ ወደ ውጭ ጠሟል ማለት ነው። በደንበኛው መሣሪያ ማቀባበያው ጥቂት ተስቦ የጥይቱን ቤት ለማየት ያህል ይከፈታል እንጂ ጥይት እስኪያጎርስ ድረስ አይሄድም።

ምትክ ሲመረጥ

ከውጭ የሚመጡት ምትኮች በመልካቸው ያታልላሉ። ለማውዘር የሚሠሩት ሁለት ዓይነት ናቸው ማለት ይቻላል። አንደኛው እንደ ቀድሞው መምቻውን ራሱን የሚያስር ሲሆን፣ ሁለተኛው ከአዲስ ምላጭ ጋር በጎን የሚገጠምና ብዙውን ጊዜ ምላጩን ብቻ የሚያስር ነው። የቀድሞዋ ክንፍ ቀጥ ስትል የማነጣጠሪያ መነጽሩን ስለምትነካ፣ መነጽር የሚገጥም ሰው ለመለወጥ ይገደዳል፤ ሆኖም መምቻውን የሚያስረውና ዝቅ ብሎ የሚዞረው ዓይነት እያለ ሌላውን መምረጥ ለእኔ አይታየኝም፤ ጠመንጃው ከትከሻ ቢወድቅ ምላጩ ሳይነካ መንጠቆው ሊለቅ ይችላልና።

ለክላሽ የሚሠሩት አንዳንዶቹ ለጣት የሚሆን መደገፊያ ወጥቶላቸዋል። በውድድር ሜዳ ጥሩ ነው፤ ጠመንጃውን ጋቢ ሥር አድርጎ ለሚሄድ ሰው ግን ያ መደገፊያ ከጨርቁ ወይም ከማንገቻው ጋር እየተያዘ ማንሻውን ያወርደዋል። ማቀባበያውን ወደኋላ አቁሞ የሚይዝ ጥርስ ያለው ማንሻ ግን እውነተኛ ጥቅም አለው፦ ሰው በተሰበሰበበት ቦታ መሣሪያው ባዶ መሆኑ ከሩቅ ይታያል። የትኛውም ቢመረጥ ለዚያው ሞዴል የተሠራ፣ የቦታዎቹም ቁጥርና ቅደም ተከተል ከነበረው ያልተለየ መሆን አለበት።

በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ጠመንጃ መያዝ ፈቃድ የሚጠይቅ ስለሆነ፣ የውስጥ ክፍል ከመለወጡ በፊት ፈቃዱን የሰጠውን የፖሊስ ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይገባል። አዲሱ ክፍል ከተገጠመ በኋላ ከላይ የተጻፈው ፍተሻ በባዶ መሣሪያ ተደጋግሞ ይደረግ፤ በመካከሉም ተቀባብሎና ተዘግቶ ሳለ ሰደፉ በመዳፍ ጠንከር ተደርጎ ይመታ። ከነዚህ በአንዱ እንኳ መምቻው ከወደቀ ምትኩ ይነቀልና ከአሮጌው ክፍል ጋር ወደ ባለሙያው ይመለስ፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አስተያይቶ ልዩነቱን የሚያገኘው እርሱ ነው።