ድመትዎ ምግብ እምቢ ስትል ምን ይደረግ?

«ተዋት፣ ሲርባት ትበላለች።» ድመት ሳህኗን አሽትታ ዞር ስትል በየቤቱ የሚባለው ይህ ነው። ይህ ምክር ድመት ይገድላል። ምግብ ያቆመች ድመት ሰውነቷ የራሱን ስብ እየነቀለ ወደ ጉበት ይልካል፤ ጉበቷ ደግሞ ያን ያህል ስብ የማስተናገድ አቅም ስለሌለው በስብ ይሞላና ይደክማል። ያኔ ማቅለሽለሽ ይመጣል፣ የቀረው የምግብ ፍላጎትም ይጠፋል። በይበልጥ የሚጎዱት ወፍራሞቹ ናቸው። «ስብ አላት፣ ትችለዋለች» ብሎ መጽናናት አይገባም።

ስለዚህ ሰዓት ይቁጠሩ። ትልቅ ድመት 24 ሰዓት ሙሉ ምንም ካልቀመሰች ከታች ያለውን ይጀምሩ። 48 ሰዓት ከሞላት ሐኪም ጋ መሄድ ግድ ነው። ለትንሽ ግልገል ግማሽ ቀንም ብዙ ነው።

መጀመሪያ፦ እውነት አልበላችም?

በደሴም በኮምቦልቻም ድመት የአንድ ቤት ብቻ አይደለችም። አጥር ዘልላ ጎረቤት ጠግባ ትመጣለች። ይህን ለማጣራት አንድ ሌሊት አንድ ክፍል ውስጥ ይዝጉባት። የለኩት ምግብ፣ የለኩት ውሃ፣ አሸዋ ወይም ደረቅ አፈር ያለበት ካርቶን ይተዉላት። ጠዋት አምስት ነገር ይጻፉ፦ በላች? ጠጣች? ሸናች? ሰገራ ወጣ? አስመለሰች? ሐኪሙ አስቀድሞ የሚጠይቅዎ ይህንኑ ነው።

በሁዳዴ 55 ቀን ሙሉ ሽሮ በእንጀራ የቀረበላት ድመት ፊቷን ብታዞር ደግሞ ታማ ላይሆን ይችላል። ድመት ሥጋ በል ናት። ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር ከእንስሳ ምግብ ካልሆነ አታገኘውም፤ ለረጅም ጊዜ ካጣችው ዓይኗና ልቧ ይጎዳል። ፆሙ የሰው ነው፤ ለእሷ ዓሣ፣ ሳምባ ወይም እንቁላል ይፈለግላት። ደሴ ላይ በሁዳዴም በሩን የማይዘጋ ሥጋ ቤት አይጠፋም።

አፏን ከመክፈትዎ በፊት

የእብድ ውሻ በሽታ ድመትንም ይይዛል፤ መብላት ማቆም ከምልክቶቹ አንዱ ነው። ለሃጯ የሚዝረበረብ፣ መንጋጋዋ የወረደ፣ መዋጥ ያቃታት፣ ድምጿ የተለወጠ፣ ጭን ላይ ስትተኛ የኖረችው በድንገት የምትናከስ ከሆነ አይንኳት። «አጥንት ሰንቅሯት ይሆናል» ብለው ጣትዎን አፏ ውስጥ እንዳይከቱ። በሩን ዘግተው፣ ልጆችን አርቀው ለእንስሳት ሐኪም ይንገሩ። ነክሳ ወይም ቧጭራ ከሆነ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ ይጠቡና በዚያው ዕለት ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይሂዱ። በሽታው በሰው ላይ ምልክት ካሳየ በኋላ አይድንም፤ በጊዜው የተጀመረ ክትባት ግን ያድናል።

ጊዜ የማይሰጡ ሌሎች ሁለት ነገሮችም አሉ። አንደኛው ወንድ ድመት አሸዋው ላይ ደጋግሞ ተቀምጦ፣ እያማጠ፣ ጠብታ እንኳ ካልወጣው ነው። ሰው ድርቀት ይመስለዋል፤ ብዙውን ጊዜ ግን የተዘጋው የሽንት ቧንቧው ነው፣ በሁለት ሦስት ቀንም ይገድላል። ሌላው የአይጥ መርዝ ነው። ጥቁር ግራጫ የሆነው የዚንክ ፎስፋይድ ዱቄት ከጨጓራ አሲድ ጋር ሲገናኝ መርዛማ ጋዝ ይሆናል። ይህን ከጠረጠሩ ወተት ያርክሰዋል ብለው አያጠጧት፣ ምግብም አይስጧት። ካስመለሰች ከትውከቱ የሚወጣው ጋዝ ሰውንም ስለሚጎዳ መስኮት ይክፈቱ። የመርዙን ማሸጊያ ይዘው ወዲያው ወደ ሐኪም ይሂዱ።

አካሏን መፈተሽ

ከላይ ያሉት ከሌሉ በፎጣ ጠቅልለው፣ ጭንቅላቷ ብቻ እንዲወጣ አድርገው ይያዟት። ከንፈሯን ገለጥ አድርገው ድዷን ይዩ፦ ሮዝ መሆን አለበት። በጣት ጫን ሲሉት ነጣ ብሎ በሁለት ሴኮንድ ውስጥ ካልቀላ የደም ዝውውሯ ደክሟል። ገርጥቶ ከሆነ ደም አንሷታል፤ ቢጫ ከሆነ ጉበቷ ተይዟል፣ የጆሮዋ ውስጥም ቢጫ ሆኖ ይታያል። በትከሻዋ መሀል ያለውን ቆዳ ቆንጠጥ አድርገው ይልቀቁ፤ ቶሎ ካልተመለሰ ውሃ አጥሯታል። ሙቀቷን በዲጂታል ቴርሞሜትር፣ ጫፉን ቫዝሊን ቀብተው በፊንጢጣዋ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል አስገብተው ይለኩ። ጤነኛዋ ከ38 እስከ 39.2 ዲግሪ ናት።

ከዚያ አፏን ይክፈቱ። የዶሮ አጥንት ስንጥር ላንቃዋን ተሻግሮ በግራና ቀኝ መንጋጋ ጥርሶች መሀል ይሰነቀራል፤ በደማቅ ብርሃን ካዩት ብዙ ጊዜ በወረንጦ ይወጣል። ምላሷን ከታች በአውራ ጣት ገፋ አድርገው ሥሩን ማየት እንዳይረሱ፤ ብዙ ሰው የሚያልፈው እዚህ ላይ ነው። የስፌት ክር የዋጠች ድመት አንዱ ጫፍ በምላሷ ሥር እንደ ቀጭን ነጭ መስመር ተጠምጥሞ ይቀራል፣ ሌላው አንጀቷ ውስጥ ነው። በፍጹም አይጎትቱት። አንጀቱ በክሩ ላይ ተሸብሽቦ ስለሚቀመጥ ሲጎተት እንደ መጋዝ ይቆርጠዋል። በፊንጢጣዋ ብቅ ያለ ክርም እንደዚያው ነው። ይህ የሚወጣው ሐኪም ጋ ነው።

አፍንጫዋ ካልሠራ አፏ አይከፈትም

ድመት የምትበላው አሽትታ ነው። ጉንፋን የያዛት፣ አፍንጫዋ በደረቀ ንፍጥ የተደፈነ ድመት ጥሬ ሥጋ ቢቀርብላትም ምግብ መሆኑን አታውቅም። ግማሽ ሊትር የፈላ ውሃ ውስጥ ያልሞላ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማለትም ከ5 ግራም ያላለፈ፣ ያሟሙ። ለብ ሲል በጥጥ ነክረው የደረቀውን ያርጥቡና ይጥረጉ። ከዚያ ሙቅ ውሃ ያፈሰሱበት መታጠቢያ ክፍል ውስጥ 10 ደቂቃ አብረዋት ይቀመጡ፤ እንፋሎቱ ንፍጡን ያላላል። ባሕር ዛፍ ግን አይጨምሩ፣ ቪክስም አይቀቧት። ለእኛ ደረት የሚከፍተው ዘይት ለድመት መርዝ ነው።

ሳህኑንም እጣን ከሚጨስበትና ቡና ከሚቆላበት፣ ከአሸዋዋም ያርቁት። ጺሟ ጠርዙን እንዳይነካው ዝርግ ሳህን ይሁን።

ምግቡን ለብ ያድርጉት፣ የእጅ አንጓዎ ላይ ሲያደርጉት የማይሰማ ያህል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች በተለይ ሌሊትና ማለዳ የቀረበ ምግብ በደቂቃዎች ይቀዘቅዛል፤ ሽታውም አብሮ ይጠፋል። ሳህኑን አስቀድመው በሙቅ ውሃ ያሙቁት። ኮምቦልቻ ላይ ችግሩ ተቃራኒው ነው፤ በግንቦትና በሰኔ ሙቀት ድመት ቀኑን ሙሉ ተዘርራ ትውላለች፣ ምግቡም ይበላሻል። ጎህ ሲቀድና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ያቅርቡላት።

ምን እና ምን ያህል

የዶሮ ሥጋ ወይም አጥንቱ የወጣ የሐይቅ ዓሣ ያለ ጨው፣ ያለ ሽንኩርት ይቀቅሉ። ሦስት ኪሎ የምትመዝን ድመት በቀን 100 ግራም ያህል የተቀቀለ ዶሮ ለጊዜው ይበቃታል። መጀመሪያ ግን አንድ የሻይ ማንኪያ ብቻ ከመረቁ ጋር ያቅርቡ። 20 ደቂቃ ጠብቀው ካልነካችው ያንሱት፤ ከሦስት ሰዓት በኋላ በአዲስ ይሞክሩ። ቀኑን ሙሉ ፊቷ የተቀመጠ ምግብ ያንገሸግሻታል። ትንሽ መረቅ መዳፏ ላይ ቢቀቡላት ትልሰዋለች፤ አንዳንዴ ፍላጎቱን የሚቀሰቅሰው ይህ ነው።

ከንፈሯን የምትልስ፣ ደጋግማ የምትውጥ ከሆነ እያቅለሸለሻት ነው። ያኔ አያስገድዷት፤ ያን ምግብ ከሕመሙ ጋር አያይዛ ከዳነች በኋላም ትጠላዋለች።

ካላቅለሸለሻት፣ ነቅታ ካለችና መዋጥ ከቻለች በስሪንጅ ማብላት ይቻላል። 50 ግራም የተቀቀለ ዶሮ በ50 ሚሊ ሊትር መረቅ ፈጭተው በሻይ ማጥለያ ያጥልሉ። መርፌ የሌለው የ5 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ይጠቀሙ። ከክራንቻ ጥርሷ ኋላ በጉንጯ በኩል አስገብተው ግማሽ ሚሊ ሊትር ይስጡ፣ እስክትውጥ ይጠብቁ፣ ይድገሙ። ጭንቅላቷን ወደ ላይ አያቅኑ፤ ምግቡ ሳምባዋ ይገባና ሌላ በሽታ ይሆናል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለአንድ ኪሎ ክብደት 5 ሚሊ ሊትር አይለፉ፣ ለሦስት ኪሎዋ 15 ማለት ነው። ከተንቀጠቀጠች፣ ካሳላት ወይም ካስመለሳት ያቁሙ።

የማይሰጡ

ከወጥ የወጣ ሥጋ ታጥቦም ቢሆን ይቅር። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ቢበስሉም ቢደርቁም የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ፤ በርበሬያችን ውስጥም አሉ። ወተት ብዙ ትልልቅ ድመቶችን ያስቀምጣቸዋል። ጥሬ ዓሣ ቫይታሚን ቢ1ን ያጠፋል። ከሁሉ የሚከፋው «ትኩሳት ይዟት ነው» ተብሎ የሚሰጥ ፓራሲታሞል ነው፤ አንድ ፍሬ ድመት ይገድላል። ዳይክሎፌናክም፣ አይቡፕሮፌንም እንዲሁ። የትል መድኃኒትም ለደከመች ድመት በግምት አይሰጥም።

ሐኪም ጋ ሲሄዱ

ክብደቷን አውቀው ይሂዱ፤ የመድኃኒቱ ልክ የሚወጣው ከዚያ ነው። ሚዛን ላይ ታቅፈዋት ይውጡ፣ ከዚያ ብቻዎን፣ ልዩነቱ የእሷ ነው። የጻፉትን ወረቀት፣ ካስመለሰችም የትውከቱን ፎቶ ይያዙ። ቀዳዳ ባለው ጥብቅ ካርቶን ውስጥ የምትተኛበትን ጨርቅ አንጥፈው ይውሰዷት፤ በባጃጅ እቅፍ ላይ ያለች ድመት ጥሩምባ ስትሰማ ዘልላ ትጠፋለች።

በራሷ መብላት ስትጀምር ደስታው ሳህን ሙሉ እንዳያስቀርብዎት። ቀናት የጾመ ሆድ ባንዴ አይቀበልም። በመጀመሪያው ቀን የልማዷን ሩብ፣ በሁለተኛው ግማሹን፣ በሦስተኛው ሦስት አራተኛውን፣ አራት አምስት ጊዜ ከፋፍለው ይስጧት። በየሦስት ቀኑም የቀድሞ ክብደቷ እስኪመለስ ይመዝኗት።