የሰላም ስዕል ስትስሉ እነዚህን ነገሮች ተዉ

ከአይን እንጀምር፣ ምክንያቱም በዚህ ጉዳይ ትዕግስቴ አልቋል። በባህላዊው የቤተክርስቲያን ስዕላችን ጻድቁ ፊት ለፊት ሆኖ በሁለት አይኑ ያያል፣ ክፉው ደሞ በጎን ይሳላል፣ አንድ አይን ብቻ። የመጨረሻው እራት ላይ ይሁዳን ለማወቅ ስም ማንበብ የማያስፈልገው ለዚህ ነው። እዚህ ሐዋሳ የማያቸው ጀማሪዎች ግን ስልካቸው ላይ ያገኙትን የፈረንጅ ስዕል እያዩ ቅዱሱን የሰላም ምልክት ወደሆነችው ርግብ ያዞሩትና በአንድ አይን ይስሉታል፣ ሲጠየቁ "ሰላሟን እያየ ነው እኮ" ይላሉ። ወንድሜ፣ አንተ ሰላም ያልከው ሰውዬ እኮ ከሄሮድስ ወታደሮች ጋር ተሰለፈ! ርግቧን ከፈለክ እሷን ወደሱ አምጣት፣ እሱን ተወው።

ሁለተኛው፣ አስፈሪውን ነገር ማጥፋት። አንድ ደንበኛ ለእንግዳ መቀበያው አቡነ ገብረመንፈስ ቅዱስን አዘዘኝና "አንበሶቹና ነብሮቹ እንግዳ ያስፈራሉ፣ በበግ ቀይርልኝ" አለኝ። በግ ከሰው አጠገብ ቢተኛ ምኑ ይገርማል፣ ፒያሳ መንገድ ላይም ይተኛል እኮ። የአባታችን ሰላም የሚታየው አውሬው አውሬ እንደሆነ እግራቸው ስር ሲያርፍ ነው። ስራውን አልወሰድኩትም። በነገራችን ላይ እንባቸውን የምትጠጣዋን ወፍ የምትረሱ ሰዎች፣ እባካችሁ።

የመላእክቱን ሰይፍ "ለሰላም አይሆንም" ብሎ መደምሰስም ያው ነው፣ የመቅደሱን በር ማን ይጠብቅ?

ኢሳይያስ 11ን የምትስሉ ደሞ መጀመሪያ አንብቡት። ሁሉም አንበሳና በግ አጠገብ ላጠገብ ያስተኛል፣ እዛ ግን ከጠቦቱ ጋር ያለው ተኩላ ነው፣ ነብሩ ከፍየል ጠቦት ጋር፣ አንበሳው ደሞ እንደ በሬ ገለባ ይበላል፣ የሚመራቸውም ትንሽ ልጅ ነው። እስካሁን ገለባ የበላ አንበሳ የሳለ ተማሪ አላየሁም፣ ብታስቡት ግን ከሁሉም የሚጣፍጠው እሱ ነው፣ ሳር አፉ ላይ ተንጠልጥሎ ጥርሱ ስራ የፈታ አንበሳ!

የኖህ ርግብ አፏ ላይ የያዘችው የወይራ ቅጠል ነው፣ አበባ አይደለም። አንገቷንም አታርዝሙ፣ ባለፈው አንዱ ተማሪዬ ያመጣት ርግብ አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ያለው አሳ ገበያ፣ አሳ የሚጠብቀውን ትልቁን ወፍ አባ ኮዳን ነበር የምትመስለው (ጎበዝ ልጅ ነው ግን፣ ቀለም አወሃሃዱ ያስቀናል)።

የእመቤታችን ልብስ ከውስጥ ቀይ ከላይ ሰማያዊ፣ አለቀ።

የቅዱሱን ስም ደሞ ስዕሉ ላይ ቀለሙ ሳይደርቅ ለመጻፍ አትቸኩሉ፣ ይፈስና "ገብርኤል" ያላችሁት ሳይነበብ ይቀራል።