«ሞላ» ሲልዎት ላይሰንስ ለመግዛት አይሩጡ

ጥር ላይ ነው። በቆሎ የጫኑ መኪኖች ቡሬ ካለው መጋዘናችን በር እስከ አስፋልቱ ተሰልፈዋል። ሚዛን ላይ የሚሠሩት ጋሼ ደወሉ። «ልጄ፣ ይኸ ነገርህ አልመዘግብም አለኝ እኮ!»

መዝገባችንን የምንይዝበት የማይክሮሶፍት ዳታቤዝ ፕሮግራም፣ ኤስኪውኤል ሰርቨር 2014 ኤክስፕረስ ነበር። ነፃ ነው። ግን አንድ ዳታቤዝ 10 ጊጋባይት ከሞላ በኋላ ንቅንቅ አይልም። ሥራ አስኪያጃችን «በቃ፣ ትልቁን ግዛ» አሉ። አንድ ቀን ስጡኝ አልኩ።

መጀመሪያ የሞላው ምን እንደሆነ ይዩ። ማኔጅመንት ስቱዲዮ (ሰርቨሩን የምናስተዳድርበት ፕሮግራም) ውስጥ ዳታቤዙን በቀኝ ክሊክ ያድርጉ፤ ሪፖርትስ ውስጥ ገብተው ሰንጠረዦቹ የያዙትን ቦታ ያውጡ። የኛ ጉድ እዚያ ወጣ። 8 ጊጋውን የበላው የመረከቢያ ደረሰኝ ፎቶ ነው። እዚያ የከተትኩትም እኔው ነኝ! ፎቶዎቹን ወደ ፎልደር አወጣሁ፤ ዳታቤዙ ውስጥ የፋይሉን አድራሻ ብቻ ተውኩ። በማግስቱ ሰልፉ ተንቀሳቀሰ።

ወደ አዲስ እትም ማሳደጉ ግን አልቀረም። ለ2014ቱ ነፃ የደኅንነት ማስተካከያ መምጣቱ በፈረንጆቹ ጁላይ 2024 አብቅቷል።

ከዚያ የሚያስፈልግዎትን ወረቀት ላይ ይጻፉ። ዳታ ማመቅና ሰንጠረዥ መከፋፈል ድሮ የውዱ እትም፣ የኢንተርፕራይዝ ብቻ ነበሩ፤ ከ2016ቱ ሰርቪስ ፓክ 1 (የማሻሻያ ጥቅል) ወዲህ ኤክስፕረስም አላቸው። እኔን የቸገረኝ ኤክስፕረስ ባክአፕ በሰዓቱ የሚያስነሳው ኤጀንት የሌለው መሆኑ ነው። እሱንም በዊንዶውስ ታስክ ሸዱለር ተወጣሁት።

አሁን ዋጋ። የሚከፈልበት መካከለኛው እትም፣ 2022 ስታንዳርድ ሲወጣ በማይክሮሶፍት ዝርዝር ሰርቨሩ 989 ዶላር፣ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ ደግሞ ካል የሚባለው ፈቃድ 230 ዶላር ነበር። እኛ 12 ነን፤ 3,749 ይመጣል። በሰው ሳይሆን በኮር፣ ማለትም በሰርቨሩ ፕሮሰሰር የሥራ ክፍሎች ቁጥር ከሆነ፣ 2 ኮር 3,945 ነበር። ከ4 ኮር በታች ስለማይሸጥ ትንሹ 7,890 ይሆናል። 30 ሰው ላይ ሁለቱ በአንድ ዶላር ልዩነት ይገናኛሉ። የሥራ አስኪያጃችን «ትልቁ»፣ ኢንተርፕራይዝ ማለት ነው፣ ለ4 ኮር 30,246 ዶላር! አንድ ሻጭ «በአንድ ፕሮግራም ስለምትገቡ አንድ ካል ይበቃችኋል» ብሎኝ ነበር። ውሸት ነው። የሚቆጠረው ከፕሮግራሙ ጀርባ ያለው ሰው ነው።

ሳይገዙ በዲቨሎፐር እትም ይሞክሩ፤ ለሙከራ ነፃ ነው። ግን የኢንተርፕራይዝ ነገር ሁሉ ስላለበት፣ እዚያ የሠራ ኤክስፕረስ ላይ እምቢ ሊል ይችላል። የድሮውን ባክአፕ አዲሱ ላይ ይመልሱና ኮምፓቲቢሊቲ ሌቭሉን (ዳታቤዙ እንደ የትኛው እትም እንዲሠራ የሚወስነውን ቁጥር) ለጊዜው በ2014ቱ 120 ላይ ይተዉት። ሪፖርቶቹ ልክ ሲሆኑ ወደ 2022ቱ 160 ያሳድጉት። የአዲሱን ባክአፕ አሮጌው ላይ መመለስ ስለማይቻል የድሮውን ሰርቨር ቶሎ አያጥፉት። እኔ አንድ ወር አቆይቼዋለሁ።

በመጨረሻ የገባነው 2022 ኤክስፕረስ ላይ ነው። ለላይሰንስ ከታሰበው ብር ላይ ዩፒኤስ ገዛን። መብራት ሲጠፋ ጋሼ ስልካቸውንም የሚሰኩት እሱ ላይ ነው።