የሊነክስ ላፕቶፕ ባትሪ እንዲበረክት መጀመሪያ ዋቱን ለኩ

ባትሪ ይቆጥባል የተባለውን ቅንብር ሁሉ በአንድ ቀን ካደረጋችሁ የትኛው እንደጠቀመ፣ የትኛው ማሽኑን እንዳወከ መለየት አትችሉም። ለኩ፣ አንድ ነገር ቀይሩ፣ ደግማችሁ ለኩ።

መለኪያው ፓወርቶፕ ነው። በኡቡንቱና በዴቢያን በአፕት፣ በፌዶራ በዲኤንኤፍ የመጫኛ ትዕዛዝ ይጫናል። ቻርጀሩን ነቅላችሁ ተርሚናል (ትዕዛዝ መጻፊያ መስኮት) ላይ በላቲን ፊደል «ሱዶ ፓወርቶፕ» ብላችሁ ጻፉ፤ ቀጣዮቹንም ትዕዛዞች እንዲሁ። «ሱዶ» የአስተዳዳሪ ፈቃድ የሚሰጥ ቃል ነው። ጥቂት ደቂቃ ሲቆይ ባትሪው የሚለቀው ኃይል በዋት ከላይ ይወጣል። 50 ዋት-ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በ10 ዋት 5 ሰዓት ይቆያል፤ ፍጆታው ወደ 6 ዋት ከወረደ ከ8 ሰዓት ያልፋል። ቀላል ሥራ ላይ እያንዳንዱ ዋት ይህን ያህል ዋጋ አለው።

«ዩፓወር» ብላችሁ ከክፍት ቦታ በኋላ ሰረዝና «ዲ» ስትጨምሩ ደግሞ ባትሪው ምን ያህል እንዳረጀ ይታያል። የዲዛይን አቅሙ 50፣ አሁን ሲሞላ የሚይዘው 30 ከሆነ 40 በመቶው ጠፍቷል። ይህን የሚመልስ ሶፍትዌር የለም፤ ባትሪውን መቀየር ነው።

ከቅንብሮች መጀመሪያ የስክሪን ብርሃን ቀንሱ። ሪፍሬሽ ሬቱ (ስክሪኑ በሰከንድ የሚታደስበት መጠን) 120 ወይም 144 ኸርዝ ከሆነ በባትሪ ስትሠሩ ወደ 60 አውርዱት።

ቀጥሎ ኃይል የሚያስተዳድር አንድ ፕሮግራም ምረጡ፤ አንድ ብቻ። ፓወር ፕሮፋይልስ ዴመንና ቲኤልፒ አብረው ከሠሩ አንዱ ያስተካከለውን ሌላው ያፈርሰዋል። ብዙ መነካካት ለማይፈልግ የመጀመሪያው ይበቃል። ቲኤልፒን ከመረጣችሁ ግን ቅንብሮችን በራሱ የሚቀይረውን የፓወርቶፕን «አውቶ-ቲዩን» ተዉት። ተመሳሳይ ሥራ ነው፣ ማሽኑ ዳግም ሲነሳም ይጠፋል፣ የዩኤስቢ ማውስንም ስለሚያስተኛው ማውሱ ለጥቂት ጊዜ ሳይነኩት ከቆየ በኋላ ሲያንቀሳቅሱት ይደነቃቀፋል።

የቲኤልፒ ትልቁ ጥቅም የቻርጅ ገደብ ነው። «/ኢቲሲ/ቲኤልፒ.ኮንፍ» ውስጥ የመጀመሪያው ባትሪ ቻርጅ የሚጀምርበት ገደብ 75፣ የሚያቆምበት ገደብ 80 እንዲሆን አድርጉ። ከመስመሮቹ ፊት ያለውን የመሰላል ምልክት (#) ማጥፋት አትርሱ፤ ምልክቱ ካለ መስመሩ አይነበብም። ከዚያ «ሱዶ ቲኤልፒ ስታርት»። ገደቡ የዛሬን ሰዓት አያረዝምም፤ የሚያረዝመው የባትሪውን ዓመታት ነው። ሁልጊዜ ሶኬት ላይ ለሚውል ላፕቶፕ ከዚህ የሚበልጥ ነገር የለም። ሁሉም ማሽን ግን አይቀበለውም፤ የናንተ ይቀበል እንደሆነ «ሱዶ ቲኤልፒ-ስታት» ከሰረዝና «ቢ» ጋር ይነግራችኋል።

ሁለት ግራፊክስ ካርድ ካለ ኤንቪዲያው ሥራ ሲፈታ መተኛት አለበት። ይህን ለማወቅ «ኤንቪዲያ-ኤስኤምአይ»ን አታስነሱ፤ ትዕዛዙ ራሱ ካርዱን ይቀሰቅሰዋል። በ«/ሲስ» ፎልደር ሥር ባለው የካርዱ ፒሲአይ ማውጫ ውስጥ «ፓወር/ረንታይም_ስቴተስ» የሚለውን ፋይል አንብቡ። «ሰስፔንድድ» ካለ ተኝቷል።

ክዳኑ ተዘግቶ ባትሪ የሚያልቅ ከሆነ «/ሲስ/ፓወር/ሜም_ስሊፕ»ን በ«ካት» ትዕዛዝ አንብቡ። በማዕዘን ቅንፍ የተከበበው አሁን የሚሠራው የእንቅልፍ ዓይነት ነው። ቅንፉ «ኤስ2አይድል» (ቀላል እንቅልፍ) ላይ ሆኖ «ዲፕ»ም (ጥልቅ እንቅልፍ) ከጎኑ ካለ መጀመሪያ ለጊዜው ሞክሩት፦ «ኢኮ ዲፕ» ብላችሁ በቧንቧ ምልክት (|) ወደ «ሱዶ ቲ» አስተላልፉና የፋይሉን አድራሻ ጨምሩ። «ሱዶ ኢኮ» ከቀስት (>) ጋር አይሠራም፤ ፋይሉን የሚከፍተው ሼሉ (ትዕዛዛችሁን የሚቀበለው ፕሮግራም) ስለሆነና እሱ የሱዶ ፈቃድ ስለሌለው ነው። ክዳኑን ዝጉና ክፈቱ። አልነቃ ካለ የማብሪያ ቁልፉን ተጭናችሁ ያዙ፤ ሲነሳ ወደ ነበረበት ይመለሳል። በደንብ ከነቃ «ሜም_ስሊፕ_ዲፎልት=ዲፕ»ን ሊነክስን በሚያስነሳው ፕሮግራም በግራብ ፋይል የከርነል መስመር ላይ ጨምራችሁ በኡቡንቱና በዴቢያን «ሱዶ አፕዴት-ግራብ» በሉ። «ሜም_ስሊፕ» ውስጥ «ዲፕ» ጭራሽ ከሌለ ባዮሱ ውስጥ የእንቅልፍ ምርጫ መኖሩን እዩ፤ እዚያም ከሌለ ለረጅም ጊዜ ስታስቀምጡት ሃይበርኔት አድርጉት (ሥራውን ዲስክ ላይ አስቀምጦ ይጠፋል) ወይም አጥፉት።