የ12 ቮልት ባትሪን በሶላር ቻርጅ ለማድረግ

ሶላር አስገብተው ባትሪያቸው ቶሎ የሞተባቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የፓኔሉ አይደለም። ባትሪው ወይ ከልክ በላይ ይሞላል፣ ወይ በየቀኑ ባዶውን ያድራል። ሁለቱንም መከላከል ይቻላል። እዚህ የምናወራው ለመብራት፣ ለስልክና ለትንሽ ቴሌቪዥን ስለሚሆን የአሲድ ባትሪ ነው።

ከመግዛትዎ በፊት ሒሳቡን ይሥሩ። ባለ 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ በ12 ቮልት ሲባዛ 1200 ዋት ሰዓት ይይዛል። የአሲድ ባትሪ ግን ከግማሽ በታች ባይወርድ ጥሩ ነው፤ ስለዚህ የሚጠቀሙት 600ውን ነው። ባለ 100 ዋት ፓኔል ደህና ፀሐይ ባለበት ቀን፣ የሚባክነው ተቀንሶ፣ 350 ዋት ሰዓት ገደማ ይሰጣል። ስለዚህ 200 ዋት ይሻላል፤ ክረምትም አለ።

ከዚያ ቻርጅ ኮንትሮለር ይግዙ፤ ከፓኔሉ ወደ ባትሪው የሚገባውን ኃይል የሚቆጣጠር ዕቃ ነው። እባክዎ ይህን ለመቆጠብ አይሞክሩ። «12 ቮልት» ተብሎ የሚሸጥ ፓኔል ሲሠራ 18 ቮልት ገደማ ያወጣል። ባትሪው ደግሞ ሲሞላ የሚፈልገው 14.4 አካባቢ ነው፤ ከሞላ በኋላ ወደ 13.6 ዝቅ ሊልለት ይገባል። በቀጥታ ካገናኙት ውስጡ ያለው ውሃ እየፈላ ያልቃል። ለ200 ዋት ባለ 20 አምፔር ኮንትሮለር ይበቃል። የባትሪው ዓይነት በትክክል መመረጡን ይዩ፤ የሊቲየም ቅንብር ከአሲዱ ይለያል።

ፓኔሉን ጣሪያ ላይ ወደ ደቡብ ትንሽ አዘንብለው ይግጠሙት። ኢትዮጵያ ውስጥ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ በቂ ነው፤ ዝናቡም አቧራውን ያጥበዋል። ከጠዋቱ 3 እስከ 9 ሰዓት ጥላ የማያርፍበት ቦታ ይምረጡ። የአንድ ቅርንጫፍ ጥላ እንኳ ኃይሉን ክፉኛ ይቀንሰዋል።

ሲያገናኙ ቅደም ተከተሉን አይሳቱ። ፓኔሉን ጨርቅ ያልብሱት። መጀመሪያ ባትሪውን ከኮንትሮለሩ ጋር ያገናኙ፤ ኮንትሮለሩ የባትሪውን ቮልቴጅ የሚለየው ያኔ ነው። ፓኔሉ ቀጥሎ ይመጣል። ሲፈቱ ግን ፓኔሉ ይቀድማል። ፖዘቲቭና ኔጌቲቩን በቴስተር (በቮልት መለኪያ) ያረጋግጡ፤ ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብም ፊውዝ ያስገቡ። ኢንቨርተር (የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 220 የሚቀይር ዕቃ) ካለዎት ከራሱ ከባትሪው ላይ፣ በራሱ ፊውዝ ይገናኝ እንጂ ከኮንትሮለሩ የመብራት መውጫ አይሳብ።

ባትሪው ሲሞላ የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል። አየር የሚገባበት ቦታ ያኑሩት። መኝታ ቤትና ምድጃ አጠገብ በፍጹም አይሁን።

ጠዋት ፀሐይ ሳይወጣ፣ መብራቱ ሁሉ ጠፍቶ ቆየት ሲል፣ በቴስተር ይለኩት። 12.7 ከሆነ ሙሉ ነው፤ 12.2 ግማሽ ገደማ ነው። ቻርጅ እየሆነ ሳለ የሚታየው ቁጥር ያሳስታል፣ አይመኑት። ከ12 በታች ካገኙት ያን ቀን ቴሌቪዥኑ ይረፍ፣ ባትሪው እስኪሞላ ይጠብቁ። ክዳኑ የሚከፈት ከሆነ በየወሩ ውሃውን ይዩ። ከጎደለ፣ ባትሪው ቻርጅ ሆኖ ከሞላ በኋላ የባትሪ ውሃ (የተጣራ ውሃ) ይጨምሩ፤ የቧንቧ ውሃ ወይም አሲድ አይጨመርም።